ቆራጭ ዕጣ አይጥልም
(ሎተሪ ሊያዞር ወደ ባሕር ዳር ለሚወርድ የእህት ልጅ፣ ከቆጋ ቦይ ዳር የተሰጠ ምክር)

ና እስቲ፣ እዚህ ከቦዩ ዳር ተቀመጥ። ውሃው አሁን የላይኞቹ ተራ ነው፤ የኛ እስኪደርስ ጊዜ አለን። እናትህ «ባሕር ዳር ሎተሪ ሊያዞር ነውና መርቅልኝ» ብላ ስትልክብኝ ያዘገየሁህ ጠልቼህ አይደለም። ሰው ወደ አደራ ሲሄድ ስንቁ በሶ ብቻ መሆን የለበትም፤ ከምርቃት በፊት ምክር ይቀድማል።

«ወረቀት መሸጥ ምን አደራ አለው?» ትለኝ ይሆናል። ትኬቱን ሰጥተህ ብሩን ስትቀበል ሥራህ ያለቀ ይመስልሃል። አላለቀም። ዕጣው በወጣ ማግስት ያው ሰው ተመልሶ ይመጣል። ዓይናቸው የደከመ እናት፣ ፊደል ያልቆጠረ ገበሬ፣ ሞተሩን ያላጠፋ ባጃጅ ነጂ «እስቲ እየው፣ ወጥቶልኛል?» ብለው ትኬቱን እጅህ ላይ ያኖሩታል። አደራው የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው። ስትሸጥለት አንተም እሱም እኩል አታውቁም፤ ስታይለት ግን አንተ ታውቃለህ፣ እሱ አያውቅም። በዚህ ሥራ ላይ ስርቆት የሚወለደው በዚያች በምታውቀውና በማያውቀው መካከል ነው።

የራሴን ላጫውትህ። ጊዜው መሠረተ ትምህርት በ1971 ዓ.ም. ሳይጀመር በፊት ነው፤ ያኔ «ሀ»ን ከ«ለ» አልለይም። መርዓዊ ገበያ ወርጄ እህል ሸጥሁና ከትርፉ አንዲት ሎተሪ ቆረጥሁ። ዕጣው ከወጣ በኋላ በገበያ ቀን ያንኑ አዟሪ ፈልጌ ትኬቴን ሰጠሁት። ዝርዝሩን አየ፣ ትኬቴን አየ፣ «አልወጣም» አለኝ፣ ለሁለት ቀደደና ጭቃው ላይ ጣለው። እኔም አህያዬን ነድቼ ወደ ቤቴ ሄድሁ። ወር ሳይሞላ ሰውዬው አዲስ ብስክሌት ገዝቶ አየሁት። አንዱ ወሬኛ ደግሞ «ከዚህ ገበያ በተሸጠ ትኬት ትልቅ ዕጣ ወጥቷል» ሲል ሰማሁ። በቃ፣ ጥርጣሬ ሆዴ ገባ። ጠጅ ቤት ገብቼ «ዕጣዬን በላኝ!» ብዬ ጮህሁ። አንድ ሽማግሌ ረጋ ብለው «ቁጥሩ ስንት ነበር ልጄ?» ቢሉኝ አፌ ተያዘ። ቁጥሩን አላውቅም። ስሜ አልተጻፈበትም። ወረቀቱ ከጭቃ ጋር ሄዷል።

የጮህሁት ግን አልጠፋም። ሰዉ ከእሱ መግዛት ተወ፤ ዓመት ሳይሞላው አገር ለቆ ሄደ። ከብዙ ዓመት በኋላ አንድ ዘመዱ አግኝቶኝ፣ ብስክሌቱ የተገዛው አባቱ ሲሞቱ በደረሰው በሬ ዋጋ እንደሆነ ነገረኝ። ዘመድ ለዘመዱ ይሟገታል ብዬ ላልፈው እችል ነበር፤ ግን እንቅልፍ ነሣኝ። ሰርቆኝ ከሆነ ዕጣዬን በላ፤ ካልሰረቀኝ ግን እኔ ስሙን በላሁት። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ እኔ በቁሙ ቀበርሁት።

ስለዚህ የምመክርህ «አትስረቅ» ለማለት ብቻ አይደለም፤ እሱን እናትህ ከጡቷ ጋር ነግራሃለች። የምልህ፣ አለመስረቅህ የሚታይበትን መንገድ አብጅ ነው።

መንገዱን ደግሞ ከሩቅ አገር አንቀዳውም። በዓል ሲደርስ ቅርጫ ስንገባ አይተሃል። በሬው ይታረዳል፣ ሥጋው በቅጠል ላይ በየመደቡ ይደለደላል። ከዚያ የመደበው ሰው ዕጣውን ራሱ ይጥላል? በፍጹም። ባለድርሻው ሁሉ አንዱ ስንጥር፣ አንዱ ጠጠር፣ አንዱ ቅጠል ያዋጣል፤ የቱ የማን እንደሆነ ያላየ ሰው፣ ብዙ ጊዜም ጀርባውን ሰጥቶ የቆመ ልጅ፣ ይጠራና በየመደቡ ላይ ያኖረዋል። ቆራጩ ሌባ ስለሆነ ነው? ጎረቤታችን ነው፤ ምናልባትም የክርስትና አባትህ ነው። ደንቡ የወጣው «አዳላ» እንዳይባል፣ ለእሱው ለራሱ ነው። ቆራጭ ዕጣ አይጥልም፤ ዕጣ ጣይም አይመድብም። እቁብም እንደዚሁ ነው፤ ዳኛው ሌላ፣ ጸሐፊው ሌላ፣ ዋሱ ሌላ፣ ዕጣው ደግሞ በሁሉ ፊት። አንተ ትኬት ሸጠህ፣ አንተው አይተህ፣ አንተው «አልወጣም» ብለህ፣ አንተው ከቀደድህ፣ መዳቢውም ዕጣ ጣዩም አንድ ሰው ሆነ ማለት ነው። ያን ጊዜ ቅን ብትሆንም ቅንነትህን የሚመሰክር የለም።

ብሔራዊ ሎተሪ በ1954 ዓ.ም. ከተቋቋመ ጀምሮ ዕጣውን የሚያወጣው በሕዝብ ፊት ነው። እዚያ ዓይን ሞልቷል። ዓይን የሌለው ከዚያ ወዲህ ባለችው አጭር መንገድ ላይ ነው፤ ከባለ ትኬቱ ኪስ እስከ አዟሪው እጅ። ትኬት ስም የለውም። ስም የሌለው ወረቀት ደግሞ እንደ ብር ኖት ነው፤ የያዘው ጌታው ነው።

ይህን ነገር የሠለጠነው ዓለም አመለጠው እንዳይመስልህ። ካናዳ ያለችው የአክስትህ ልጅ ያነበበችውን አጫውታኛለች። ኦንታሪዮ በሚባለው ክፍለ ሀገር እ.ኤ.አ. በ2001 አንድ አዛውንት ትኬታቸውን እንደኔው ለሱቅ ሰው ሰጡ፤ ባለ 250 ሺህ ዶላሩን ዕጣ ግን የሱቁ ሰዎች ወሰዱት። አዛውንቱ አቤት ቢሉ የሎተሪው ድርጅት ከሌባው ይልቅ እሳቸውን ተሟገተ። በስንት ክርክር እ.ኤ.አ. በ2005 ሁለት መቶ ሺህ ዶላር ከፈላቸውና «ለማንም እንዳትናገር» የሚል ውል አስፈረማቸው። እውነትና ንጋት ግን እያደር ይጠራል። እ.ኤ.አ. በ2006 የአገሩ ቴሌቪዥን ነገሩን አወጣው። ሮዘንታል የሚባል የስታቲስቲክስ ፕሮፌሰር ቁጭ ብሎ አሰላ፤ በሰባት ዓመት ውስጥ ትልልቅ ዕጣ ሊደርሳቸው ይገባ የነበሩት ሎተሪ ሻጮች 57 ያህል ሲሆኑ የደረሳቸው ግን 200 ገደማ ሆኖ ተገኘ። ዕድል ለሱቅ ሰው አድልታ አታውቅም፤ ያደላው እጅ ነው። በዓመቱ የሕዝብ እንባ ጠባቂው አንድሬ ማሪን ምርመራውን ሲያወጣ ርእሱን «የእምነት ጨዋታ» አለው።

ከዚያ ወዲያ ያመጡትን መድኃኒት ስማ፤ ቅርጫችንን ታያለህ። ትኬቱ ላይ የስም ቦታ አበጁ፤ ሻጭ ያልተፈረመበትን ትኬት እንዳይመረምር ተባለ። ገዢው በራሱ እጅ ትኬቱን የሚያይበት መሣሪያ በየሱቁ ተከሉ። የሻጩ ማሽን ውጤቱን ወደ ገዢው ፊት አዙሮ ያሳያል፤ ዕጣ ሲወጣም ሁሉ እንዲሰማ ይዘፍናል። ሻጩን ሁሉ ሌባ አላሉትም፤ ዕጣ መጣሉን ከእጁ ወሰዱለት እንጂ።

እዚያው አገር የሆነ ሌላ ነገር አለ፤ ይችን በተለይ ያዝልኝ። ሰባት የግንባታ ሠራተኞች እያዋጡ ሎተሪ ይገዙ ነበር። ትኬታቸው ምትክ ነጻ ትኬት ብቻ አገኘ፤ የሱቁ ሰዎች ያችን ነጻ ትኬት ለራሳቸው አስቀሩ። ማን ይጠረጥራል? ትንሽ ነገር ናት። ያች ትንሽ ነገር 12.5 ሚሊዮን ዶላር አወጣች። ፖሊስ የግዢውን መዝገብ ተከትሎ፣ የትኞቹ ትኬቶች ከየት ወዴት እንደሄዱ እየቆጠረ ባለቤቶቹን አገኘ፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ገንዘቡ ከነወለዱ ተከፈላቸው። ባለ ሱቁና ልጆቹ እ.ኤ.አ. በ2018 ጥፋተኛ ተባሉ። ሀገራቸውን ያናወጠው ስርቆት ከምትክ ትኬት ጀመረ። አንተም ባሕር ዳር ስትገባ የመጨረሻ ቁጥር የወጣላትን ትንሽ ዕጣ «ይቺማ ምን አላት» ብለህ ዝም እንዳትላት። ውሃ የሚወስደው እያሳሳቀ ነው።

እሺ፣ አሁን ወደ ሥራህ እንግባ።

ቦርሳህ ውስጥ ብዕር አይጥፋ። ሰው ከአንተ ትኬት ሲገዛ «ስምዎን ይጻፉበት እናቴ፣ ስምህን ጻፍበት ወንድሜ» በል። መጻፍ የማይችል ቢሆን አንተ አትጻፍለት፤ አብሮት ያለ ሰው፣ የጎረቤት ተማሪ ይጻፍለት። ሳይጻፍበት እንድታይላቸው ቢሰጡህ መልሰህ «መጀመሪያ ስም» በል። መጀመሪያ ይስቁብሃል፤ በኋላ ይለምዱታል፤ በመጨረሻ ከሌላ ሲገዙ እነሱው ይጠይቃሉ።

ዝርዝሩን ወደ ሰውዬው አዙረህ ዘርጋ። ቁጥሩን ድምፅህን ከፍ አድርገህ አንብብ፤ ጣትህን በቁጥሩ ሥር እያስኬድህ። ትኬቱ ከእሱ እጅ ባይወጣ ይሻላል። ባይወጣለት እንኳ አትቅደደው፤ መልስለት። የኔ ነገር ሁሉ የተበላሸው በዚያች ቅዳጅ ነው። ወረቀቱ ቢመለስልኝ ኖሮ ሌላ ሰው ዘንድ ሄጄ አሳይቼ፣ ወይ ዕጣዬን ወይ ሰላሜን አገኝ ነበር።

ትልቅ ዕጣ ወጥቶ ካየህ ደግሞ ገበያ መሃል አትጩህ። ደስታው የእሱ ነው፤ ጆሮው ግን የብዙ ነው። ቀስ ብለህ «አባቴ፣ ትኬትዎን ይያዙ፤ መታወቂያዎን ይዘው ቤተሰብ አስከትለው ወደ ሎተሪው ቢሮ ይሂዱ» በል። «ልውሰድልዎ፣ ላስወጣልዎ» አትበል። ደግ ብትሆንም አትበል። ደግነትህን እዚያ ላይ ግታው።

ከወኪሉ ከየትኛው ቁጥር እስከ የትኛው እንደተረከብህ፣ ስንቱን ሸጠህ ስንቱን እንደመለስህ በደብተር ያዝ። ለራስህ፣ ለሚስትህ፣ ለወንድምህ የቆረጥኸውን ትኬት ደግሞ ዕጣው ሳይወጣ በፊት ቀኑን ጽፈህ ለብቻ መዝግብ። አዟሪ ሎተሪ ሊደርሰው አይገባም ያለ የለም፤ ቢደርስህ ግን ቀና ብለህ «ይኸው ደብተሬ» የምትልበት ይኑርህ።

አንድ ሌላ ወጥመድ አለ። አንዱ ይመጣና «ባለ ዕጣውን አገናኘኝ፣ ትኬቱን በጥሬ ገንዘብ እገዛዋለሁ» ይልሃል። ለምን ይገዛል? አንዳንዱ ባለ ዕጣ ግብር ይሸሻል፤ በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ከእንዲህ ያለ ዕጣ ላይ 15 በመቶ እንዲወሰድ ደንግጓል። ገዢው ደግሞ ከየት አመጣኸው የማይባልበት ገንዘብ ይሻል። በአሜሪካ ማሳቹሴትስ አንድ አባትና ልጆቹ በሱቆች በኩል እንዲህ እየሰበሰቡ ከ14 ሺህ በላይ የሰው ትኬት በስማቸው አስመንዝረው፣ ከ20 ሚሊዮን ዶላር በላይ አንቀሳቅሰው፣ በመጨረሻ ጥፋተኛ ተባሉ። አገናኞቹ ባለ ሱቆች ትንሽ ኮሚሽን ነው የበሉት። አንተ የሰው መንገድ ድልድይ አትሁን።

የምታውቀው ተረት እንዳለ አውቃለሁ፤ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል»። ጓደኞችህ ይነግሩሃል። ተረት ሁሉ የሽማግሌ አፍ አይደለም ልጄ፤ ሌባም ተረት አለው፣ ያችን ያወጣት እሱ ነው። እኔ ሳልበላ ቀርቼ የቆጨኝ ነገር የለም። የሚቆጨኝ ሳላጣራ ያወጣሁት ቃል ነው።

ስለ ማጣራትም ልንገርህ፤ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና። አያቶቻችን ሌባ የሚፈልጉበት ሁለት መንገድ ነበራቸው። አንዱ ሌባ ሻይ ነው፤ ልጅ በመድኃኒት አስክረው፣ ወገቡን በመቀነት ይዘው ይለቁታል፣ እየተንገዳገደ ገብቶ የወደቀበት ቤት የሌባው ቤት ይባላል። ስንት ንጹሕ ሰው ተበልቶበታል! ሌላው አፈርሳታ ነው፤ አገሬው ሁሉ ይሰበሰባል፣ የሚያውቅ እስኪናገር ድረስ ማንም ወደ ሥራው አይሄድም። ይህኛው ይሻላል፣ ከስካር ይልቅ ምስክር ይፈልጋልና። እኔ ጠጅ ቤት ውስጥ የሠራሁት ግን ሌባ ሻይ ነው። ሰክሬ ተንገዳግጄ አንድ ሰው ደጅ ላይ ወደቅሁ።

በሎተሪ የሚጣራው እንዲህ ነው። አንድ ሰው ትልቅ ዕጣ ይዞ ሲመጣ ከፋዩ አይቸኩል፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። የት ገዛኸው? መቼ? ከማን? ብቻህን ነበርህ? ሌላ ምን ትኬት አብረህ ቆረጥህ? እውነተኛ ባለቤት ቀኑን ቢስት እንኳ ዛፉን፣ ዝናቡን፣ አብሮት የነበረውን ሰው ያስታውሳል። ያንን መልስ ቁጥሩ ለየትኛው ወኪል፣ ለየትኛው አዟሪ እንደወጣ ከሚያሳየው መዝገብ ጋር ያስተያይ። ዕጣ የሚቀበለው ሰው ሻጭ ወይም የሻጭ ቤተሰብ ከሆነ ለብቻ ይታይ፤ ስሙ ደጋግሞ የሚመጣ ከሆነ ይቆጠር። አቤት የሚል ሲመጣ ደግሞ እንደ ኦንታሪዮዎቹ ከሳሹን ጠላት አያድርገው። ሌባ መኖሩን መስማት የድርጅትን ስም አያጎድፍም፤ የሚያጎድፈው ጆሮ መድፈን ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን፣ ማጣራት ከመክፈል ይቅደም።

ደግሞም አህያውን ፈርቶ ዳውላውን መደብደብ ይቅር። ዕጣ የሚበላው መንገድ ላይ የቆመ አዟሪ ብቻ አይደለም። ሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የ25,491 የኮንዶሚኒየም ቤቶች ዕጣ ወጣ። በቀናት ውስጥ ከተማው ራሱ ሰረዘው። ቁጠባው በተቀመጠበት ባንክ ዝርዝር ውስጥ የሌሉ፣ በደንቡ ያልቆጠቡ ሰዎች በኮምፒውተሩ ውስጥ ገብተው ተገኙ፤ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች ተያዙ። ስንት ሰው ከልጆቹ አፍ ነጥቆ ለዓመታት የቆጠበበት ዕጣ! እዚያ ብዕርና ደብተር አልጠፋም፤ የጠፋው የመዳቢውንና የዕጣ ጣዩን እጅ የሚለይ ሰው ነው። ኮምፒውተርም ቢሆን ቆራጭ ዕጣ ከጣለበት ያው ቅርጫ ነው።

ስልክም መጥቷል፤ አድማስ የሚሉት ዲጂታል ሎተሪ በ605 ይቆረጣል፣ ቁጥሩ ስልክህ ላይ ይቀራል፣ የሚቀድደው እጅ የለም። ጥሩ ነው። ግን በዚያው ስልክ «ሽልማት ደርሶዎታል፣ ለማስፈጸሚያ ይህን ያህል ይላኩ» የሚል ድምፅ ይመጣል። ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ። ደንበኞችህ መጥተው ሲጠይቁህ ንገራቸው፤ ያልቆረጡት ትኬት አይወጣም፣ የደረሰ ዕጣም አስቀድሞ ገንዘብ ላክልኝ አይልም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ነው።

ተመልከት ይህን ቦይ። የቆጋ ግድብ ወደ 7,000 ሄክታር ያጠጣል፤ ውሃው ከቆጋ ወደ ግልገል አባይ፣ ከግልገል አባይ ወደ ጣና ነው። ላይኛው ሰው ሌሊት በር ቢከፍት ታችኛው ጠዋት በድርቅ ይነቃል፤ ማን እንደከፈተ ግን ውሃ አይናገርም። ስለዚህ ተራው ይጻፋል፣ ሰዓቱ ይታወቃል፣ ተራውን የሚያድለው የውሃ አባትም በራሱ ማሳ ጉዳይ አይፈርድም። ክፉዎች ስለሆንን አይደለም። ጎረቤት ሆነን ለመኖር ስለምንፈልግ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል።

እንግዲህ ውሃችን ደረሰ፤ ዶማዬን አቀብለኝ። ምርቃቱንም ተቀበል፤ እግርህን እንቅፋት አይምታው፣ የምትነካው ይባረክ፣ የሰው ዕጣ በእጅህ አይደር፣ የሰው ሐሜት በስምህ አይደር። አሜን በል።

የመጀመሪያዋን ትኬት ለኔ ነው የምትሸጠው። ይኸው ብሩ። ቁጥሯን አንብብልኝ... አይ፣ ቆይ፣ አታንብብልኝ፤ መነጽሬን ስጠኝ። መሠረተ ትምህርት የገባሁት ለምን ሆነና። ብዕሩንም ወዲህ በል፣ ስሜን እኔው እጽፍበታለሁ። ያኔ «ቁጥሩ ስንት ነበር ልጄ?» ያሉኝ ሽማግሌ ዛሬ ቢኖሩ እመልስላቸው ነበር።